«በሞቴ» የሚል የጠፋበት አዳራሽ

ናፍያድ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። ተቀመጠ ሲሉት ብድግ ይላል፤ ተኛ ሲሉት ኮሪደሩ ላይ ይመላለሳል። እህቱ ሶሬቲ፣ «ይህ ልጅ ምንጣፌን በእግሩ ጨረሰው» እያለች ታማርር ነበር። የሚኖረው አሜሪካ፣ ኒው ሆፕ በምትባል የሚኔሶታ ከተማ ውስጥ ከእሷ፣ ከባሏ ከደጀኔና ከትንሿ ልጃቸው ከኢሊሊ ጋር ነው። ቀን ቀን ፕሊማውዝ ሄዶ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሆስፒታል ቱቦ በካርቶን ያሽጋል።

ሚኔሶታ ከገባ ወዲህ ያልጀመረው ነገር የለም፤ የጨረሰው ግን አንድም አልነበረም። የነርስ ረዳትነት ትምህርት ጀመረና ተወው። ትልቅ የጭነት መኪና ለመንዳት ተመዘገበና የፈተናው ዕለት ቀረ። ጊታር ገዛ፤ ጊታሩ ከሶፋው ጀርባ አቧራ ይጠጣል። ደጀኔ፣ «ዋርሳዬ ሁሉን ይቀምሳል፣ አንዱንም አይውጥም» ይላል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ የአይሪሽ ቋንቋ ይዞ ሁለት ክረምት የከረመው።

ነገሩ የጀመረው ሮዝቪል ላይ ነው። በእረፍቱ ቀን አውቶቡስ እስኪመጣ ብርዱን ሊሸሽ ቤተ መጻሕፍት ገባ። እጁ የገባው መጽሐፍ ስለ ኬልቶች የሚያወራ ነበር፤ ስለ አይሪሾች፣ ስለ ዌልሾችና ስለ ስኮትላንድ ደገኞች፣ ስለ ጥንታዊ ተረታቸውና እየሳሳ ስለሄደው ቋንቋቸው። አውቶቡሱ አመለጠው፤ የሚቀጥለውም አመለጠው። ሲወጣ በሩ አጠገብ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየ፤ «የኬልት ቋንቋዎች የንባብ ማኅበር፣ ዘወትር ሰኞ፣ ሴንት ፖል፣ ማንም መምጣት ይችላል» ይላል። ማንም ከተባለ እኔም አለሁበት ብሎ ሄደ።

አዳራሹ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። የሚሰበሰቡት አብዛኞቹ ፀጉራቸው የሸበተ ነው፤ ጡረተኛ አስተማሪ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ነርስ። የቅድመ አያቶቻቸው ቋንቋ ባሕር ሲሻገሩ ጠፍቶ ቀርቷል፤ የልጅ ልጆቹ ደግሞ በስተርጅና ፍለጋ ወጥተዋል። ለልጆች የተጻፈ ተረት ዘርግተው፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እየጎተቱ፣ አንድ ገጽ ለመዝለቅ ምሽቱ ያልቅባቸዋል። የሚመሯቸው ኮልም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ከአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ መጥተው እዚሁ አርጅተዋል። ከመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ መጽሐፍ እያወጡ ያውሳሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የኬልት መደርደሪያ የት እንዳለ ይጠቁማሉ፤ የዌልሽ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ሲኖር፣ ለጥናት የሚሰጥ ዕድል ሲመጣ ይነግራሉ።

ናፍያድን ያሰረው ግን መጽሐፉ ብቻ አልነበረም። ቤት ሲመለስ ሶሬቲ ኢሊሊን በኦሮምኛ «ነይ ብይ» ትላታለች፤ ደጀኔ በአማርኛ «እጅሽን ታጥበሻል?» ይላታል፤ ልጅቱ ለሁለቱም በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ናፍያድ ያያታል። አንድ ቀን የዚህች ልጅ የልጅ ልጅ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ምድር ቤት ተቀምጣ በጣቷ አንድ መስመር ስትጎትት ይታየዋል። ያን ጊዜ ብድግ ይላል፤ ምንጣፉን ይያያዘዋል።

በሁለተኛው ዓመት፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ኮልም አንድ ወሬ ይዘው መጡ። በትውልድ አካባቢያቸው ያለ አንድ መንደር ለማኅበሩ አንድ ቦታ ሰጥቷል። በበጋው ሦስት ሳምንት እዚያው፣ ቋንቋው ከአፍ ባልወረደበት ቤት እያደሩ መማርና ማንበብ ነው። ቲኬቱም ተከፍሏል። አንድ ሰው ብቻ ይሄዳል።

የናፍያድ ልብ ዘለለች። ያንን የባሕር ዳርቻ በካርታ ላይ ስንት ጊዜ እንዳየው እሱ ነው የሚያውቀው። ዜግነት ካገኘ ወዲህ ያወጣው ፓስፖርት አንድም ማኅተም ሳያርፍበት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። እዚያ ብደርስ፣ ይላል ለራሱ፣ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ይዤ ዘለቅሁ ማለት ነው።

ኮልም ዞር አሉና፣ «ናፍያድ፣ ተነጋግረንበታል፤ አንተ ብትሄድ ደስ ይለናል። ትሄዳለህ?» አሉት።

ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ወደ እሱ ዞረ። ናፍያድ ግን የእናቱ ልጅ ነው። የቀረበለትን ሳህን ቀድሞ የሚስብ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃል።

«አይ፣ አይ፣ እኔ ምን ብዬ!» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ከእኔ የሚቀድም ትልቅ ሰው እያለ!»

አለና ጠበቀ። ቢያንስ ሁለቴ ይለመናል፤ አንዱ ክንዱን ይይዘዋል፣ አንዷ «በሞቴ» ትላለች፤ እሱም በስንት መከራ እሺ ይላል። አሠራሩ እንደዚህ ነው።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉ ኮልም።

«እንዴታ!» አለ ናፍያድ፤ ልመናው ገና መጀመሩ መስሎት።

«እንግዲያው ፍላጎትህን እናከብራለን። ሞሪን፣ አንቺስ?»

ሞሪን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጉንጫቸው ቀላ። «መቼም ሌላ ሰው ከሌለ…» አሉ። ሌላ ሰው አልነበረም። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበውም ናፍያድ ነበር።

ቤት ገብቶ ሲያወራ ደጀኔ የያዘው ሻይ ሊያንቀው ደረሰ።

«ቆይ፣ አልለመኑህም?»

«አልለመኑኝም።»

«አፈር ስሆን አላሉህም? በሞቴ አላሉህም?»

«ማን ይበል!»

«አይ ዋርሳዬ! አየርላንድን አጎረሱህ፣ አፍህን ገጠምክ!»

ሶሬቲ አልሳቀችም። «አንተ ሞኝ!» አለች። «እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠይቁህ። እኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ምሳ ሲያቀርቡልኝ ‹ጠግቤያለሁ› እያልኩ ስንት ቀን አንጀቴ ሲጮህ ዋለ! ሂድና እፈልገዋለሁ በላቸው።»

«አንዴ ለሰው የተሰጠ ነገር? ነውር አይደለም?»

«ነውርስ እዚህ ስትሽከረከር መክረምህ ነው። ሲሰጡህ ደግሞ ቶሎ እሺ በል፤ እንደ ሙሽራ አትሽኮርመም።»

ኢሊሊ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ፣ «ከፈለገው ለምን እምቢ አለ?» ስትል ጠየቀች።

ያን ሳምንት ናፍያድ ፋብሪካው ውስጥ ካርቶን ገልብጦ አሸገ፤ አለቃው ሁለቴ ገሠጸው። ኮልም ዘንድ ለመደወል ስልክ አንሥቶ መልሶ ዘጋው። እንቅልፉም፣ ንባቡም፣ ምግቡም ተበላሸ። ቅዳሜ ላይ አላስችል አለውና በአውቶቡስ ሞሪን ቤት ሄደ።

ሞሪን በረንዳቸው ላይ ነበሩ። አጠገባቸው አዲስ አረንጓዴ የዝናብ ቦት ቆሟል፤ የሱቁ ወረቀት ገና አልተላጠም። «እዚያ ዝናቡ አያባራም አሉ» አሉና በእግራቸው ገፋ አድርገው አሳዩት። ሻይና ብስኩት አመጡ። ናፍያድ፣ ለልምምድ ያህል፣ ብስኩቱን ገና ሳህኑ ጠረጴዛ ሳይነካ አነሣ።

ከዚያ ነገራቸው። እምቢ ያለው ስላልፈለገ እንዳልሆነ፣ በእነሱ ወግ መጀመሪያ እምቢ እንደሚባል፣ ሲጠብቅ የሚለምነው እንዳጣ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ሲጨርስ ላብ አጥምቆታል።

ሞሪን ሻይ ጨመሩለት። «ታዲያ አንተ ውሰደዋ» አሉ። «እኔ አሮጊት ነኝ፤ ባልሄድስ ምን ይቀርብኛል?»

የሶሬቲ ምክር ጆሮው ላይ አቃጨለ። ናፍያድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ «እሺ፣ እወስዳለሁ። አመሰግናለሁ» አለ።

ዐይኑን ሲገልጥ የሞሪን ፊት ወድቋል። ያንን ፊት አወቀው። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እሱ ራሱ ለብሶት የነበረው ፊት ነው።

«የምርዎን አልነበረም?» አለ።

«እኔማ እምቢ ትላለህ ብዬ ነበር።»

«እዚህ አገር አንዴ ብቻ ነው የሚባለው ብለውኝ!»

«ማን ነው ያለህ? እናቴ የመጨረሻዋን ኬክ ሦስት ጊዜ ሳትገፋ በልታ አታውቅም። ሚኔሶታ እኮ ነው! ሰው የመጨረሻዋን ኬክ ከማንሣት ሞቱን የሚመርጥበት አገር!»

ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ነገሩ እንዳለ ነውና። ሞሪን ኩባያቸውን አስቀምጠው መንገድ መንገዱን እያዩ፣ «እፈልገዋለሁ» አሉ ዝግ ብለው። «ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ሳመላልስ ኖሬ አንዴም ከዚህ አገር አልወጣሁም።»

«እኔም እፈልገዋለሁ» አለ ናፍያድ።

አንድ እንጀራ ላይ እኩል እጃቸውን እንደሰደዱ ሰዎች ተፋፈሩ። ማንም እጁን አልሰበሰበም።

በመጨረሻ ናፍያድ፣ «እኛ ልጆች ሳለን፣ ነገር አልፈታ ሲል ዕጣ እንጣጣል ነበር» አለ። ሞሪን አሰቡበት። ገብተው ለኮልም ደወሉ፤ ኮልምም ሲስቁ በረንዳው ድረስ ተሰማ፤ እናንተ ከተስማማችሁ እኔ ምን አገባኝ ብለዋል። ናፍያድ ከግቢው ዛፍ ሁለት ጭራሮ ሰበረ፣ አንዱን ረዘም አንዱን አጠር አድርጎ። ሞሪን ተቀብለው የዝናቡ ቦት ውስጥ ጨመሯቸውና ደኅና አድርገው ናጡት። ረጅሙን ያወጣ ይሄዳል።

«ይቅደሙ» አለ ናፍያድ።

«አንተ ቅደም፤ እንግዳ ነህ።»

«ኧረ ትልቅ ሰው እያለ!»

«ቤቱ የእኔ ነው፤ እንግዳ ይቀድማል።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። ጎረቤቱ ውሻውን ይዞ ሲያልፍ፣ ቦት ከበው የሚገባበዙትን ሁለት ሰዎች እያየ አለፈ። ናፍያድ በድንገት ክንዱን እስከ ክርኑ ቦቱ ውስጥ ከትቶ አንዱን ጭራሮ አወጣ። ሞሪን የቀረውን አወጡ። ጎን ለጎን አደረጓቸው።

የናፍያድ ጭራሮ በአውራ ጣት ያህል ይበልጣል።

ሞሪን አንድ የአይሪሽ ስድብ ተሳደቡ። ኮልም ሲናደዱ የሚያመልጣቸውና ትርጉሙን ለክፍሉ አልናገርም የሚሉት ረጅም ስድብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሳያደናቅፋቸው ወጣ።

«መጽሐፍ ሳይዙ ተናገሩ!» አለ ናፍያድ ተደንቆ።

«የጎደለኝ ንዴት ነበር ማለት ነው» አሉ። ዐይናቸው ረጥቧል፤ አፋቸው ግን ሊስቅ ይታገላል። ቦቱን አንሥተው ብብታቸው ሥር ወተፉት። «ይህ የእኔ ነው፤ አይነካም። የሚመጣው ዓመት ማንም ሳይጠይቀኝ እጄን አወጣለሁ። ያን ጊዜ ከፊቴ እንዳትቆም፣ ሰምተሃል?»

ናፍያድ «አልቆምም» ሊል አፉን ከፈተ። የዘንድሮው ገና እጁ ሳይገባ፣ ለከርሞም መሄድ እንደሚፈልግ ያኔ ታወቀው። ቃሉን ዋጠና ጭራሮውን ያገላብጥ ጀመር።