በአማቴ ደጅ የወጠርኩት ሸራ

በደርግ ጊዜ ሄርማታ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ሸቤ ወደምትባል የቡና አገር ሽማግሌ ላክሁ። ላክሁ ከማለት ነዳሁ ማለት ይሻላል። መኪናዋ አንድ ፈረንጅ ለጥገና አምጥቶ የተዋት፣ ውስጧ አልጋና ምድጃ ያላት ቮልስዋገን ናት፤ ማርሿን ከእኔ በቀር የሚያገኝ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ አጎቴና የጋራዡ ባለቤት ናቸው። ከልጅቱ ጋር ተስማምተናል፤ ግን ያን ቀን እሺ ካልተባልን አባቷ ለአንድ ቡና ነጋዴ ሊሰጧት ነው።

አባትየው ቡና ማሳቸው ሄደው ነበር። እናትየው «ይመጣሉ፣ ጠብቋቸው» ብለው በሩን ዘጉ፤ ባል በሌለበት ወንድ እንግዳ አይገባም። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። የመኪናዋ ጣሪያ ደግሞ ልክ አልጋው ላይ ያፈሳል።

የቡና ጭነት የምንሸፍንበት ሸራ ነበረኝ። አንዱን ጠርዝ ከመኪናዋ ጣሪያ ብረት ጋር፣ ሌላውን ከሁለት የባሕር ዛፍ እንጨቶች ጋር አሰርሁ። ውሃ እንዳያቁር የውጭውን ጫፍ በአንድ ክንድ ዝቅ አደረግሁት። ጥሩ ሥራ ነበር። ያላሰብሁት ነገር በክረምት ሰው ደጅ ሸራ ከተወጠረ ቤቱ ለቅሶ ገብቷል ማለት መሆኑን ነው። ከሥሩም ሁለት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

አንዲት ጎረቤት እየሮጠች መጣች።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ? ማነው የሞተው?»

«ኧረ ማንም» አሉ አጎቴ።

«አትደብቁኝ! አባወራው ነው! ወይኔ፣ ትናንት ስለ አጥሩ ሰድቤው!»

ጩኸቷን የሰማ ሁሉ መጣ። አግዳሚ ወንበር መጣ፤ የተቀቀለ በቆሎም መጣ። እናትየው ባላቸው ማሳ ላይ የሞቱ መስሏቸው እየጮኹ ወጡ። እኔ ሸራው ሲከብድ በእንጨት ከሥር እየገፋሁ ውሃውን አፈሳለሁ።

አባትየው ለዝናቡ የማዳበሪያ ከረጢት ራሳቸው ላይ ደፍተው ደረሱ። ለቅሶ ላይ ዱኣ ሳይደረግ አይጠየቅምና ከዳር ተቀምጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው ጨረሱና አጠገባቸው ያለውን ሰው «አላህ ይዘንለት፣ ማነው?» አሉት።

ሰውየው ቀና ብሎ አያቸውና በቆሎው ከእጁ ወደቀ።

ሳቁም ለቅሶውም ሳያልቅ የቀበሌው ሊቀመንበር ከአንድ ታጣቂ ጋር መጣ።

«ማነው የሞተው?»

«የሞተ የለም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው? ያለ ፈቃድ ስብሰባ ነዋ!»

አባትየው ሸራውን አዩ፤ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ታጣቂውን አዩ።

«ኒካህ ነው» አሉ።

«በዚህ ዝናብ?»

«ለዝናቡማ ሸራ ወጥረንለታል።»

«ሙሽራው የታለ?»

«ያ እንጨት የያዘው።»

አጎቴ ስንት ቀን ያጠኑትን ንግግር ሊጀምሩ ተነሱ። አባትየው «ይቀመጡ፣ ሰምተናል» አሏቸው። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ደግሞ «ይሄ ሰውዬ እስኪሄድ ነው፣ እንዳትደሰት» አሉኝ።

ሊቀመንበሩ ግን «ኒካሁን ሳላይ አልሄድም» ብሎ ወንበር ሳበ። እናትየው ልጃቸውን ሊጠይቁ ገቡ። መልሱን እሷው ከበሩ ጀርባ ጮክ ብላ ሰጠች፦

«እሺ ብያለሁ! ቶሎ በሉ፣ ሰዉ በሰበሰ!»

ሼኹን ፍለጋ ሰው መላክ አላስፈለገም። ለቀብሩ ብለው መጥተው ከመካከላችን ተቀምጠዋል።