ተራራ ወጥቶ ለሚወርድ ሰው የተደረገ ሽኝት

በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሜይፌር ሰፈር ባለው የልጄ ግቢ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የማኅበራችን ሽማግሌ በሩ አጠገብ፣ የግንቡ ጥላ ውስጥ ቆመዋል። የልጄ የሱቅ ሸሪክ መኪናውን ተደግፏል። የልጄ ጎረቤት በርበሬ የሞላ ፌስታል ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማለች። የልጄ ሚስት የወጥ ቤቱን በር ይዛለች፤ ግማሽ አካሏ ውስጥ ነው። ልጄ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሶ ግቢው መሀል ቆሟል። እኔ እናቱ ዱርንፎንቴን ሰፈር ካለው ክፍሌ በጠዋት መጥቼ ነበርና አንሶላ የተሰጣበት ገመድ ሥር ቆሜያለሁ። ሌሎችም ነበሩ፤ እነሱ ግን ተቀምጠው ይበሉ ስለነበር አልቆጥራቸውም።

ልጄ ከከተማው ወጣ ባለችው ቮስሎሩስ ውስጥ ስፓዛ አለው። ስፓዛ ማለት እዚህ አገር በየሰፈሩ ያለች ትንሽ ሱቅ ናት። ቀኑን ሙሉ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆሞ ዳቦና ሳሙና ይሸጣል። ሐኪም የደም ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀስ አለው። እሱም ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ለሸሪኩ እየተወ በእግር ከሚሄዱ ሰዎች ጋር መሄድ ጀመረ። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ የዚህ አገር አስተማሪዎችና ነርሶች ናቸው። አንዷ ወፍ ታያለች። አንዱ ድልድይ ፎቶ ያነሣል፤ ድልድዩ ፈርሶ ከሆነም የነበረበትን ቦታ ያነሣል። በዓመት አንድ ጊዜ አውሮፓ ሄደው አንድ ቅዳሜና እሑድ ተራራ ይወጣሉ። ሰኞ እዚሁ ናቸው።

እኔም አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ከከተማው አጠገብ ያለች ድንጋያማ ጉብታ ነበረች። ወጣን። ላይ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ የተቀቀለ እንቁላል አደለችን። በላን፤ ወረድን። ስመለስ አብራኝ የምትኖረው ሴት ላይ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ምንም የለም አልኳት። እንቁላሉ ግን ጥሩ ነበር።

ባለፈው ዓመት የእግር ተጓዦቹ ኦስትሪያ ሊሄዱ ሆነ፤ ልጄም ቪዛ አገኘ። ወሬው በአንድ ቀን ተዳረሰ። በዚህ ከተማ ለዚያ ቪዛ ስለት የተሳሉ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ነገሩን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ተረዱ፤ ሄደ ማለት ቀረ ማለት ነው። እሱ ላገኘው ሰው ሁሉ «ሐሙስ ሄጄ ሰኞ እመለሳለሁ» ይላል። እነሱም «እሱማ፣ ሰኞ» ይሉና ይጠቃቀሳሉ። ቃሉን በደገመ ቁጥር ምስጢር ጠባቂነቱን ይበልጥ አደነቁለት። ሰው አውሮፓ ሲሄድ ደግሞ ሳይሸኝ አይሄድም። ሽኝቱን ማኅበሩ አዘጋጀ። እሱ አይሆንም ቢልም የሚሰማው አልነበረም።

ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ይመለስ አይመለስ አላውቅም ነበር። ሰኞ እመለሳለሁ ብሎኛል፤ ግን ለሁሉም ያለው ያንኑ ነው። ሚስቱም ከእኔ የተሻለ አታውቅም ነበር።

ሽማግሌው ጃኬቱን ብዙ ጊዜ ሲያዩት ቆዩ።

«ልጄ፣ ይህን ቀለም ማን መረጠልህ?»

«ሁሉም የሚለብሱት ነው ጋሼ። ጉም ቢመጣ ከሩቅ እንድንታይ ነው።»

«እንድትታዩ።»

«አዎ። ሰው ቢጠፋ ሄሊኮፕተር ቶሎ ያገኘዋል።»

ሽማግሌው ወደ ሸሪኩ ዞሩ። «ሰማህ? ሄሊኮፕተር እንዲያገኘው ነው የሚለብሰው።»

ሁለቱም ወደዚህ አገር የመጡት ከፊሉን በእግር፣ ከፊሉን በጭነት መኪና ሸራ ሥር ነው። ሽማግሌው ከሞያሌ ተነሥተው ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጠዋል። ሸሪኩ ከዓመታት በኋላ ከሆሳዕና ተነሥቶ በዚያው መንገድ መጥቷል። ልጄ የመጣው በአውሮፕላን ነው። ስለዚህ በመሄድ ጉዳይ እንደ ሕፃን ነበር የሚያዩት።

«ብራዘር፣ የምነግርህን ያዝ» አለ ሸሪኩ። «ውሃህን በአንድ ቀን አትጨርስ። ውሻ ከጮኸ መሬት ላይ ተኛ። ደላላው ደርሰናል ሲልህ አትመነው።»

«ደላላ የለም። መንገድ የምትመራን ሴትዮ አለች። ስልሳ ዓመቷ ነው።»

«እሷን ደግሞ ጭራሽ አትመናት።»

ሽማግሌው መሬት ላይ የተጋደሙትን ሁለት ዘንጎች በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። «ይህስ?»

«መደገፊያ ነው ጋሼ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ።»

«እኔ ሰባ ሊሞላኝ ነው፤ ያለኝ አንድ ነው።»

ተቀምጠው የሚበሉት ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«ተራራው ላይ ምን አለ?»

«ማደሪያ ቤት አለ። ሾርባ ይሰጡናል።»

«ከዚያስ?»

«ጠዋት እንወርዳለን።»

«በወዲያኛው በኩል።»

«በወጣንበት በኩል።»

የሚበሉት ሰዎች መብላት አቆሙ።

«ከወዲያ ማዶ ጣሊያን ነው አሉ» አለ ሸሪኩ፣ የታመመ ሰው እንደሚያነጋግር ድምፁን ለስለስ አድርጎ።

«አዎ፤ ከላይ ይታያል። ቁጭ ብለን እናየዋለን።»

«ጠባቂ በዝቶበት ነው?»

«ማንም የለበትም። ድንጋይ ላይ የተቀባ ቀለም ብቻ ነው።»

«እና አታቋርጥም?»

«ምን ልሠራ?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ምስጢረኛ አላየሁም» አሉ።

ጎረቤቷ ከደረጃው ወርዳ ፌስታሉን አስታቀፈችው።

«ለእህቴ ነው።»

«እህትሽ ስዊድን አይደለች እንዴ?»

«አንተስ አውሮፓ አይደል የምትሄደው?»

«ተራራ ላይ ነው የምውለው እኮ።»

«ስትወርድ ስጣት» አለችው።

ከዚያ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የተቀመጡት ተነሡ።

«የሄድክበት ይቅናህ።»

«አሜን።»

«እግርህ የረገጠው ምድር ርስት ይሁንህ።»

«አሜን።»

«አገሩ አገርህ፣ ሰዉ ወገንህ ይሁን። እዚያው ያጽናህ።»

«አሜን።»

ልጄም አሜን አለ፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም አይባልም። «እስከ ሰኞ» ብሎ ሊጨምርበት ሞከረ፤ ግን ሰዎቹ መቀመጥ ጀምረው ስለነበር ቃሉ በወንበር ድምፅ ተዋጠ።

ወዲያው ሚስቱ ከውስጥ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተች ወጣች። እሱ የሚይዘውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሹራብና ካልሲ የያዘ የጀርባ ቦርሳ በሩ ሥር ተቀምጧል።

«ይህ ምንድን ነው?» አላት።

«ልብስህ ነው።»

አጎንብሶ ከፈተው። የሠርጉ ሱፍ ከነከረባቱ ታጥፎ ተቀምጧል። ከሥሩ የትምህርት ማስረጃዎቹ በላስቲክ ተጠቅልለዋል። የልጅነቱ ፎቶግራፍም አለ፤ እኔ የሰጠኋት ነው።

«ተራራ ላይ በከረባት?»

«ለቃለ መጠይቁ ነው እንጂ» አለ ሸሪኩ። «ጥገኝነት ስትጠይቅ ንጹሕ ሆነህ መቅረብ አለብህ። ጎበዝ ሚስት ነው ያለችህ።»

እሷ ተመልሳ የወጥ ቤቱን በር ያዘች።

ልጄ ወደ እኔ መጣ። ከአንሶላው ጀርባ ቆምን።

«እማዬ፣ እንድቀር ትፈልጋለች ማለት ነው?»

«ጠይቃት።»

«እንዴት ብዬ? ሱፌን ተኩሳዋለች። ይህን ያህል ደክማበት ብመለስ ምን ይሰማታል?»

«አንተስ መመለስ ትፈልጋለህ?»

«ሰኞ እመለሳለሁ ያልኩት እኮ ሰኞ ስለምመለስ ነው» አለ። «አንድ ሰው እንኳ አላመነኝም። አሁን እኔም ራሴን ማመን እያቃተኝ ነው።»

ትቼው ወደ ወጥ ቤቱ ሄድኩ። ምራቴን ሱፉን ለምን እንዳስገባችው ጠየቅኋት።

«ሰው ሁሉ ያውቃል እማማ። ለእኔ ብቻ ነው ሰኞ የሚለኝ። እዚያ ቀርቶ ልብስ ከሰው ቢዋስ፣ ሚስቱ ባዶውን ሰደደችው አይሉም?»

«ለሁሉም ያለው ሰኞ ነው» አልኳት። «አንቺ እንዲቀር ትፈልጊያለሽ?»

ድምፄን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ፤ አላደረግሁም። ግቢው ሁሉ ሰማ።

እሷ ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው መለሰች። ከሥሩ ያለው ቧንቧ ተፈትቶ ባልዲ ተደቅኖበታል።

«ይህን ፈትቶ ትቶታል» አለች። «ስመለስ እገጥመዋለሁ ብሎኛል። ጎረቤቷ ሠራተኛ ላምጣልሽ አለችኝ፤ ተይው አልኳት።»

«ለምን?»

«እሱ እንዲገጥመው ነው የምፈልገው።»

ልጄ ሻንጣውን ዘጋ። አንሥቶ በእኔና በእሷ መሀል አልፎ ወደ መኝታ ቤት አስገባው። ሲወጣ የጀርባ ቦርሳውን ብቻ አነገተ።

«ማክሰኞ እገጥመዋለሁ» አላት። «ሰኞ ይደክመኛል።»

«እሺ» አለችው።

ግቢው በቅሬታ ተሞላ። በመጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቷ ናት። «የምትመለስ ከሆነማ በርበሬዬን መልስልኝ፤ የሚቀር ሰው እፈልጋለሁ» አለችው። መለሰላት። ከዚያ ሸሪኩ ስልኩን እያየ ቀረበ።

«ብራዘር፣ የሚስቴ ወንድም እኮ ከደርባን አውቶቡስ ተሳፍሯል። በአንተ ቦታ ሱቅ ሊገባ ነው።»

«ማን ና አለው?»

«ትቀራለህ ብዬ ነዋ። ፍራሹን ሁሉ ጭኗል።»

«እስክመለስ ይርዳህ። ከዚያ ይሄዳል።»

«በፍራሹ?»

ከሁሉ የከበደው ግን የሽማግሌው ነገር ነበር። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ነበር።

«መርቄያለሁ እኮ» አሉ። «እዚያው ያጽናህ ብያለሁ። አሜን ተብሏል። አንተም ብለሃል።»

«ያንሡልኝ ጋሼ።»

«ምርቃት የተሰጣ ልብስ ነው የሚነሣው? እርግማን ይነሣል። ምርቃት ያነሣ ሽማግሌ ግን አልሰማሁም።»

«እኛ ቸርች ቢሆን ፓስተሩ እንደገና ይጸልይ ነበር» አለ ሸሪኩ።

«እናንተ ጋ ሁሉም ነገር እንደገና ነው።»

ጎረቤቷ ምርቃቱ ሳይነሣ ሌላ ላዩ ላይ ቢጨመርበትስ አለች። ሽማግሌው ይህን አሰቡበት።

«ርስት ይሁንህ ብያለሁ» አሉ። «ርስቱ እዚያ ሆኖ ባለ ርስቱ እዚህ መኖር ይችላል ወይ?»

«ይችላል» አለ ሸሪኩ። «የአባቴ መሬት ሆሳዕና ነው፤ አባቴ የሚኖረው ሀዋሳ ነው።»

«መሬቱን ማን ያርሰዋል?»

«የአጎቴ ልጅ።»

«የእሱንስ ተራራ ማን ያርሰዋል?»

ሰዎቹ ሳህናቸውን አስቀምጠው አሰቡ። ልጄ አውሮፕላን እንዳያመልጠው መኪናው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ሽማግሌው ፊት ለፊቱ ቆመው ስለነበር መንቀሳቀስ አልቻለም። ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣ ቀበቶዋን አሰረች፤ እስከ አየር ማረፊያ ልትሸኘው ነው። ከተቀመጡት አንዱ፣ መንገድ የምትመራቸው ሴትዮ አገሩን ስለምታውቀው እሷ ትረሰው አለ። ሸሪኩ በስልሳ ዓመቷ እንዴት አድርጋ አለ። ጎረቤቷ ተራራ ከወጣች ማረስ አያቅታትም አለች።

ሽማግሌው ሴትዮዋ ባል እንዳላት ልጄን በመስኮቱ በኩል ሲጠይቁት፣ ቦርሳዬን ከገመዱ ሥር አንሥቼ ወደ ክፍሌ ልመለስ በበሩ ወጣሁ።