ቼኩን የካድኩት እኔ ነኝ

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ የዋሸሁት፣ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ውሸት አለብኝ።

እዚህ ውጭ አገር፣ ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈራችን ጋራዥ ያለው ታደሰ መኪናዬን ጠግኖ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሂሳቡን ከአካውንትዎ ልውሰድ?» ሲለኝ «ውሰድ» አልኩት። እዚህ አገር ባለሂሳቡ በስልክ ከፈቀደ ያለ ፊርማው ቼክ ማዘጋጀት ይቻላልና፣ ታደሰ በዚህ ቃሌ ብቻ ቼክ አዘጋጀ፤ በፊርማው ቦታ «ባለሂሳቡ ፈቅዷል» ይላል።

ያኔ ቸግሮኝ ነበርና ለባንኩ «አልፈቀድኩም» አልኩ። ፊርማዬ ስለሌለበት አምነው ሪፈንድ ብለው ገንዘቡን መለሱልኝ፤ ያንኑም ከታደሰ ሂሳብ ላይ ወሰዱበት።

እሱ ግን የባንክ ስህተት መስሎት፣ ቸርች ባገኘኝ ቁጥር «አይጨነቁ» ይለኛል። ለጸሎት ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ ቼክ ሆነ።

ዛሬ ጋራዡ ሄጄ እውነቱን ነገርኩት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ባንኩን ያን ሁሉ ስሰድብ ዝም ብለው ይሰሙኝ ነበር?» አለኝ።

እናንተስ፣ እንዲህ የካዳችሁት ሰው አለ? እኔ ዛሬ ይቅርታ ጠይቄ፣ ገንዘቡን በእጁ ሰጥቼው መጣሁ።