አረንጓዴ የተቀባው የአባቴ ማሳ

አባቴ በዕድሜው አንድም ቀን ካርታ አይቶ አያውቅም። መሬቱን የሚያውቀው በጥማድና ድንበሩ ላይ በተተከለው እሬት ነው። ስለዚህ የከተማው አዲስ ፕላን የማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ ሲባል በቀጥታ ትምህርት ቤት መጥቶ ከክፍል አስጠራኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ከቤታችን የተማርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ፊደል ያለበት ነገር ሁሉ የእኔ ሥራ ነው፤ የመብራት ደረሰኙም፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥም፣ የሠርግ ጥሪውም።

ከተማው ወደ እኛ መምጣት ከጀመረ ቆይቷል። መጀመሪያ ጠጠር መንገዱ መጣ፣ ከዚያ ባጃጁ፣ ከዚያ ብሎኬት ማምረቻው። በእኛ በኩል ሳይነካ የቀረው የአባቴና የጎረቤታችን ማሳ ብቻ ነበር።

ካርታው ፊት ሕዝቡ ይጋፋል። ከሰው ትከሻ በላይ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ፤ ዓይኔ አዋጅ ሆነብኝ። ሐይቁን ሰማያዊ ስለሆነ ቶሎ አገኘሁት። ከእሱ ተነሥቼ፣ አስፋልቱን ተከትዬ፣ መስጊዱን አልፌ ማሳችን ላይ ደረስኩ። አረንጓዴ ነው። የጎረቤታችን ግን ቢጫ፤ ቢጫው የቤት መሥሪያ ነው ይላሉ የሚጋፉት ሰዎች።

«ምን ይላል?» አለ አባቴ ከኋላዬ ሻርፔን ይዞ።

«አረንጓዴ ነው፣ አባ! የእኛ አልተነካም። ቤት የሚሠራው ቢጫው ላይ ነው» አልኩት ጮክ ብዬ። ለምን እንደጮህኩ አውቀዋለሁ፤ ማንበብ መቻሌን ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ ነው። ሳስበው ያሳፍረኛል።

አባቴ ወደ ሰዉ ዞሮ «የተማረ ይግደለኝ!» አለ። ሰዉ ሳቀ።

በካርታው ጥግ የየቀለሙን ትርጉም የሚናገር ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። አላየሁትም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አይቼዋለሁ። እዚያ ድረስ መጋፋቱ ሰለቸኝ። ደግሞስ አረንጓዴ ምን ትርጉም ያስፈልገዋል? ወሩ መስከረም ነው፤ ጠዋት ከቤት ስወጣ ያለፍኩት ጤፍ አረንጓዴ ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴ ወዳጃ ጠራ። እንደ አገራችን ልማድ እስላሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቦ ዱዓ ተደረገ። ማሳቸው ቢጫ የሆነባቸው ጎረቤታችን፣ ማተባቸውን ያሰሩ ሽማግሌ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አባቴ «አላህ አረንጓዴያችንን ይጠብቅልን» ሲል ከሁሉም ጮክ ብለው «አሜን» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሲወጡ አባቴ ክንዳቸውን ይዞ «አብሽር ወንድሜ፣ የእኔን አብረን እናርሰዋለን» አላቸው። እኔ ደግሞ መሬቱን ያተረፍኩት ራሴ ይመስል ኩራት ተሰማኝ።

ቅሬታ ያለው እንዲያመለክት ቀን ተሰጠ። ጎረቤታችን ወረቀታቸውን ይዘው ተመላለሱ፤ በመጨረሻም ምትክ ቦታ ተፈቀደላቸው። እኛ ምን ቅሬታ አለን? ቀኑ አለፈ።

ግንቦት ላይ አባቴ እያረሰ ሳለ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሽቦና ብረት ጭነው መጡ።

«አባት፣ እዚህ ማረስ አይቻልም። አረንጓዴ ቦታ ነው» አሉት።

አባቴ ሳቀ። «እሱንማ አውቃለሁ! አረንጓዴ ስለሆነ አይደል የማርሰው?»

እነሱም የሚቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አንዱ የሌላውን ሳይሰማ እንዲያ ሲሳሳቁ ቆዩ አሉ። በኋላ ግን በሬዎቹን ፍታ አሉት።

ወሬው ሲደርሰኝ እየሮጥኩ የሄድኩት ወደ ማሳው አይደለም፤ ወደ ካርታው ነው። ፀሐይ አንጥቶታል፣ ፊቱ የቆመ ሰው የለም። ተጠግቼ ጥጉን አነበብኩ፤ «አረንጓዴ፦ መናፈሻና ክፍት ቦታ» ይላል። ለምትክ ቦታ ማመልከት የነበረብን የቅሬታው ቀን ሳያልፍ እንደነበርም በኋላ ተነገረን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ያልጠረጠርኩት እኔ፣ የተመነጠረው ግን አባቴ።

ይኸው እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ አለሁ። በጊዜው ባነበው ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? አንዳንድ ቀን ምንም እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሁሉም ነገር። ከተማው መናፈሻ አያስፈልገውም እንዳልል ተማሪዎቼ መጫወቻ የላቸውም፤ የዛፍን ጥቅም ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈውም እኔው ነኝ። ታዲያ ማንን ልቆጣ? ሽቦው ውስጥ ገና አንድ ዛፍ አልተተከለም። መጭ በቅሎበት ዘንድሮ መስከረም አበባውን ሲያወጣ አረንጓዴ የተባለው መሬት ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ቢጫ የተባለው የጎረቤታችን ማሳ ደግሞ ብሎኬት ተከምሮበት ግራጫ ነው። የትኛው ቀለም ምን ማለት እንደሆነ እኔንጃ።

አባቴን አንድ ከሰዓት በኋላ ሽቦውን ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ሰሌዳ ተተክሏል።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«አረንጓዴ ቦታ ይላል።»

«ድሮስ ምን ነበር?»

 ዓመት ሙሉ የደበቅኩትን ያኔ ነገርኩት። «አባ፣ ያን ቀን ጽሑፉን አላነበብኩትም። ያየሁት ቀለሙን ብቻ ነው።»

 ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣኝም ይሻለኝ ነበር።

«አብሽሪ» አለኝ። «የተማረ ይግደለኝ ያልኩት እኔው በገዛ አፌ አይደል?»

ሳቀ።  ከዚያም ቁጢጥ ብሎ እጁን በሽቦው መሃል አሾለከና የደረሰበትን አረም መንቀል ጀመረ።