ቀንድ አውጣም ይታመማል?

ሱሉልታ፣ ረግረጉ ዳር ላሜን ስጠብቅ አንዲት ቦቲ የተጫማች ወጣት ቀንድ አውጣ እየለቀመች ብልቃጥ ውስጥ ስትከት አየሁ። ላሜ በማላውቀው ምክንያት ከስታ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበርና፣ ድግምት መስሎኝ ዱላዬን ይዤ ጮኽኩባት።

«አባባ፣ ይረጋጉ! የእንስሳት ሐኪም ነኝ» አለች ደንግጣ። «ቀንድ አውጣዎቹ ታመው እንደሆነ ልመረምራቸው ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ደግሞ ቀንድ አውጣም ይታመማል?»

«ትል ይገባባቸዋል። ትሉ ከእነሱ ወጥቶ ሣር ላይ ይጣበቃል፤ ያንን ሣር የበላች ከብት ጉበቷን ትታመማለች።»

ይህን እያለች ዓይኗ ላሜ ላይ አረፈ። ጠጋ ብላ መረመረቻትና መድኃኒት ሰጠቻት።

ላሜ ቀስ በቀስ አገገመች። በቀደም ጠዋት በረት ስገባ አጠገቧ ጥጃ ቆሟል! ለካስ እርጉዝ ነበረች። ያቺ ልጅ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ሁለት ነፍስ ነው ያተረፈችልኝ።