ዶሮ የተሳለችበት ጣሳ

ጣሳው ላይ የተሳለችውን ዶሮ ያመንኳት መቼ ነው? በመጀመሪያው ቀን ነው፣ በሦስተኛው ቅዳሜ ነው፣ ወይስ ከፋሲካ በኋላ ዱቄቷን በምላሴ ስቀምስ? እስከ ዛሬ የምመልሰው የለኝም። የጠየቀኝም አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሴቻ ሰፈር ውስጥ ከቤቴ ወደ ሥራ ስሄድ የማልፈው አንድ የግቢ በር አለ። ከበላዩ ቀይ ፋኖስ ተንጠልጥሏል፤ ከፋኖሱ ሥር በአማርኛ «የቻይና ምግብ» ተብሎ ተጽፎ፣ ቀጥሎ እኔ የማላውቀው ፊደል ተደርድሯል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ፣ በስድስትና በሰባት ዓመት ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልሆነልኝም፤ የሳሙና መጠቅለያም ይሁን የመድኃኒት ወረቀት። አሁን የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ያለቦታው የገባ መጽሐፍ ካየሁ ሳላስተካክለው ምሳ አይበላልኝም። ያንን የማላነበውን ጽሑፍ ስንት ወር ሙሉ እያየሁ እንዳለፍኩት እንግዲህ አስቡት።

«እዚያ ገብተሽ ምን ልትበዪ ነው? እንቁራሪት?» አለችኝ አብራኝ የምትሠራው ሴት፣ አንድ ቀን ሳወራላት።

«ሁዳዴ ነው። የጾም ነገር አያጡም።»

«ቻይና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጾም የሚያውቀው!»

እውነቱን ለመናገር ያስገባኝ ሽታው ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ከመንገድ ሆኜ ለይቼዋለሁ። ከኋላቸው ግን ስም ያላወጣሁለት ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ገባሁ።

ማንጎ ዛፍ ሥር አራት ጠረጴዛ አለ። በሁለቱ ላይ መንገድ የሚሠሩ ቻይናውያን አቀርቅረው ይበላሉ። የቤቱ ባለቤትም ምግብ አብሳይም አንዲት ሃምሳ ዓመት ያለፋት ቻይናዊት ናት። አማርኛዋን የለቀመችው ከሲቀላ ገበያ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች።

«የጾም ምን አለ?» አልኳት።

«ጾም! አይዞህ! ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም» አለች በጣቶቿ እየቆጠረች። አቆጣጠሯ ደስ አሰኘኝ፤ እኔም እንዲሁ ነኝ።

ወጥ ቤቱ በር ስለሌለው ከተቀመጥኩበት ሁሉም ይታያል። ድንች ልጣ እንደ ክር አቀጠነችው። ውሃ ውስጥ አለቅልቃ የጋለ ዘይት ላይ ጣለችው፤ ደረቅ በርበሬ፣ ኮምጣጤ። ከዚያ ከመደርደሪያው ቢጫ ጣሳ አውርዳ አንድ ማንኪያ ነሰነሰችበት። ጣሳው ላይ ነጭ ወፍራም ዶሮ ተስላለች።

የጨው ጣሳ ነው አልኩ። በእኛ አገር ጣሳ ላይ ያለ ሥዕል ስለ ሆዱ መስክሮ አያውቅም። እናቴ ሚጥሚጣዋን የምታኖረው ሕፃን የሚስቅበት የወተት ጣሳ ውስጥ ነው፤ መርፌና ክሯ ያለው የብስኩት ጣሳ ውስጥ ነው። ሕፃኑን አምኖ ሚጥሚጣ በሙቅ ውሃ የበጠበጠ ሰው በቤታችን አልታየም። ደህና ጣሳ ማን ይጥላል? ቻይናዊቷም አልጣለችውም ይሆናል።

ድንቹ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጥሬም አይደለም፣ የበሰለም አይደለም። ያ ስም ያላወጣሁለት ነገር ከሥሩ አለ። ሰሃኑን ስጨርስ ወደ ቤት ሄጄ ለአንድ ሰው ማውራት አማረኝ።

ያ ሰው እናቴ ናት። ዓይኗን ለመታከም ከጨንቻ ወርዳ እኔ ዘንድ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ደጋ ላይ ድንች ስትተክል የኖረች ሴት ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክንዷን ይዤ አመጣኋት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች፣ ሰሃኑን ወደ ዓይኗ አስጠግታ።

«ድንች ነው እማዬ።»

«አልበሰለም።»

«አሠራሩ እንዲህ ነው።»

«ታዲያ እሳቱን ለምን አነደደችው?»

እንዲህ እያለች ጨረሰችው። በሳምንቱ ግን ነጠላዋን ቀድማ ለብሳ በር ላይ የጠበቀችኝ እሷ ናት። ያን ሁዳዴ አራት ቅዳሜ አብረን በላን። በሦስተኛው ሰሃኗን በጣቷ ጠርጋ «ጾም ጾም አይልም እኮ» አለች። ሳቅሁ። ቀና ብዬም መደርደሪያውን አየሁ። የእናቴ ዓይን እዚያ ድረስ አይደርስም ነበር፤ የማየው እኔ ነኝ። የመጽሐፍ አሳታሚ ሳላጣራ መደርደሪያ ላይ የማላስቀምጠው ሴት፣ ያን ቀን አልጠየቅሁም።

እናቴ ቆራቢ ናት። በፋሲካ ቆርባ፣ ደስ ብሏት ወደ ደጋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ሄድኩና ይህን ምግብ የሚያጣፍጠው ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ቻይናዊቷ ጣሳውን አውርዳ፣ ከፍታ፣ ቢጫ ዱቄት መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። ቀመስኩት። እሷ ክርኖቿን እንደ ክንፍ እያርገበገበች «ዶሮ! ዱቄት ዶሮ!» አለች በኩራት።

«በጾምም?»

«ጾም ሥጋ የለም» አለች ግራ ገብቷት። «ይሄ ሥጋ አይደለም፣ ዱቄት!»

እሷን ልቆጣት አልቻልኩም። የነገረችኝን ሦስቱን ነገር ጠብቃለች። ጣሳውንም አልደበቀችም።

ለንስሐ አባቴ እንዳልነግር «መቼ ነው ያወቅሽው?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ለእናቴ እንዳልነግር ቁርባኗ አለ። ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። በፍስክ ቀን እሄዳለሁ፤ በጾም በሌላ መንገድ እዞራለሁ። እናቴ በደወለች ቁጥር «ያቺ ቻይናዊት ደህና ናት?» ትለኛለች። «ደህና ናት» እላለሁ።

ዘንድሮ በሁዳዴ ወረደች። ዓይኗ ተሽሎታል። ቅዳሜ ከቅዳሴ ስንመለስ ቀዩን ፋኖስ ከእኔ ቀድማ አይታ ወደዚያው ታጠፈች። በሩ ላይ ነጠላዋን ያዝኩ።

«እማዬ፣ ቆዪ። ዶሮ ነበረበት።»

«ምኑ?»

«ያኔ የበላነው ድንች። አራቱንም ቅዳሜ። የዶሮ ዱቄት ትጨምርበት ነበር።»

ግንቡን ተደግፋ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ያወቅሽው ከመቁረቤ በፊት ነው፣ በኋላ?»

«በኋላ» ማለት እችል ነበር። ጣሳው የተከፈተልኝ በኋላ ነው።

«አላውቅም» አልኳት። «ሥዕሏን ከመጀመሪያው ቀን አይቻለሁ። ጨው ነው አልኩ። ጾም ጾም አይልም ስትዪ ደግሞ… አላውቅም እማዬ።»

«የሚጥሚጣዬን ጣሳ አስበሽ ነው?»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች። «የበላሁትን እኔ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። ያንቺን አንቺ ተናገሪ። አላውቅም ካልሽ፣ አላውቅም በያቸው።»

ወደ ቤት የምንመለስ መስሎኝ ክንዷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ተነስታ ገባች። ቻይናዊቷ «እንዴት ነህ!» ብላ ብትቀበላት፣ እናቴ ሰላምታዋን መልሳ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባች፤ ቢጫውን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረደች፤ መጥታ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«በይ፣ አሁን ሥሪ» አለቻት።

ቻይናዊቷ እኔን አየችኝ። «ጾም ነው» አልኳት። «ዱቄቱም በጾም አይሆንም።»

«እሺ፣ እሺ» አለችና ድንቹን መላጥ ጀመረች።

እናቴ ጣሳውን ወደ ብርሃን አዙራ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህችን ነው ያላመንሻት?» አለችኝ። «ወፍራም ናት እኮ።»

ከዚያ ነጠላዋን አልብሳት፣ ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ ክዳኑን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።