የደቂቅ ሠላሳ አንድ ሰዓቶች

የሥራ ባልደረቦቹ «ደቂቅ» ይሉታል። እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። ስሙን ያወጣለት አንድ የጥገና ክፍል ጓደኛው ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ይህ ግዙፍ ሰው ጥግ ይዞ፣ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ከትንኝ እግር የቀጠነች ብሎን በወረንጦ ሲያነሳ አየውና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ወይ ደቂቅ!» አለ። ስሙ እዚያው ተለጠፈ።

ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየፎቁ ጣሪያ ላይ ካሉት ጠባብ የሞተር ክፍሎች ሲገባ ሲወጣ፣ የብረት ገመድ ሲለካ፣ ግሪስ ሲቀባ ኖሯል። ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ፎርጅድ የእጅ ሰዓት ላይ።

ነገሩ የተጀመረው ከሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነው። በሊፍቱና በወለሉ መካከል ባለችው ክፍተት ሰው የማይጥለው ነገር የለም፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የጆሮ ጌጥ። አንድ ቀን እታች ወርዶ ሲያጸዳ መስታወቱ የተሰነጠቀ የወንድ ሰዓት አገኘ። ፊቱ ላይ የታወቀ ስም ተጽፎበታል። በየፎቁ እየዞረ ሲጠይቅ ባለቤቱ አራተኛ ፎቅ ተገኘ። ሰውየው ግን ገና ሲያየው እጁን አወናጨፈ። «ጣለው ባክህ፣ ፎርጅድ ነው!»

ደቂቅ አልጣለውም። ቤቱ ወስዶ ከፈተው። ከውጭ ውሸት የሆነው ዕቃ ከውስጥ ደህና ማሽን ነበረው፤ የጎደለው ትንሽ ዘይትና ትንሽ ጥንቃቄ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ታግሎ አስነሳው። ያን ቀን ሚስቱን ከኩሽና ጠርቶ ሰዓቱን ጆሮዋ ላይ ሲያስጠጋላት፣ የመጀመሪያ ልጁ አፉን እንደፈታ አባት ፊቱ በራ።

ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት አለፈ። የሞቱ ፎርጅዶችን ከየመንገድ ዳር ሻጩ እየለቀመ ያመጣል። ጠማማ ጠቋሚ ያቃናል፣ የሰከንዱን ቆጣሪ ይለውጣል፣ ቀፎውን ያለሰልሳል፣ የተጫጫረ መስታወት ያወልቃል። ውሃ ያስገቡ እንደሆነ የሚፈትንበትን ማሰሮ መሰል ነገር እንኳ ከብስክሌት መንፊያ ራሱ ሠርቷል። አንድም ሰዓት ሸጦ አያውቅም። መኝታ ቤቱ ጥግ ባለች ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ ሁለት ሰዓቶች ተደርድረው ነበር።

የትምህርት ቤት ጸሐፊ የሆነችው ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ አይጥማትም። «ስሙን ለምን አትፍቀውም? የሰው ስም ቤትህ አስቀምጠህ ምን ያደርግልሃል?» ትለዋለች።

«ስሙን ከፋቅኩት ቀለሙም አብሮ ይነሳል» ይላታል። ይህ እውነት ነው። ሌላም እውነት ግን አለ፤ እሱን ለማንም አይናገረውም። አንድ ሰው ሰዓቱን አንስቶ አገላብጦ «ኦሪጅናል ነው አይደል?» ሲለው ደስ ይለዋል። የደቂቅ ጥፋት ይህችው ናት።

እናቱ የሞተችው በአራት ዓመቱ ነው። ያሳደጉት አክስቱ ናቸው፤ «እቴቴ» ይላቸዋል። የእቴቴ ልጅ በሁለት ዓመት ያንሰዋል፤ በአንድ አልጋ ተኝተው፣ ከአንድ ሳህን በልተው አደጉ። አሁን የቤት ደላላ ነው። ምላሱ ማር ነው፤ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት «አየር እንደልብ ያገኛል» ብሎ ያከራያል። አንድ እሁድ ይህ ደላላ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ።

«ወንድሜ፣ ነገ አንድ ትልቅ ሰው ላገኝ ነው። ባዶ እጄን ብቀርብ ማን ይሰማኛል? አንዷን አውሰኝ፤ ለአንድ ቀን።»

«የትኛዋን?»

«ያቺን ጥቁሯን።»

ጥቁሯ ስምንት ወር የፈጀችበት ናት። ጠቋሚዎቿን ከሦስት ሰዓት አውጣጥቶ ነው ያገጣጠመው። ደቂቅ አንገቱን አከከ። «ፎርጅድ መሆኗን ግን ማንም ቢጠይቅህ እንዳትደብቅ።»

«ኧረ ምን ነካህ! ላስራት ነው እንጂ ልሸጣት ነው እንዴ?» አለና ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

አንድ ቀን የተባለው ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወር ሞላው። ሲደወልለት «ነገ ይዣት ከች!» ይላል። ነገ አይመጣም። በአምስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሩ ተንኳኳ። ደላላው መስሎት እየተጣደፈ ከፈተ። ሁለት ፖሊሶች ናቸው።

ደላላው ጥቁሯን ሰዓት ኦሪጅናል ናት ብሎ ለአንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ሸጧት ኖሯል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ማሰሪያዋን ሊያሳጥር ሰዓት ቤት ሲወስዳት ባለሙያው ከፍቶ አየና «ጌታዬ፣ ተጫውተውብዎታል» አለው። ሰውየው ከሰሰ። ደላላው ሲጠየቅ ዓይኑን አላሸም። «እኔ ምን አውቃለሁ? ሽጥልኝ ብሎ የሰጠኝ ወንድሜ ነው። ቤቱ ብትሄዱ ሞልቶለታል» አለ።

ፖሊሶቹ የአልጋ ልብሱን መሬት ላይ ዘርግተው ሁሉንም አፈሰሱበት፤ ሠላሳ አንድ ሰዓት፣ በክብሪት ቀፎ የተቀመጡ ጠቋሚዎች፣ ባዶ ቀፎዎች፣ ወረንጦው፣ ካቻቢቴዎቹ፣ አጉሊ መነጽሩ፣ ያች የብስክሌት መንፊያም ሳትቀር። «ቀስ፣ ቀስ በሉ፣ መስታወቱ ይጫጫራል» አለ ደቂቅ። አንደኛው ፖሊስ ቀና ብሎ አየውና አራቱን ጫፍ ሰብስቦ ቋጠረው። ሚስቱ እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች። ፖሊሶቹ የሄዱት ጎረቤት ሁሉ በየደጁ ቆሞ እያየ ነው።

ሰኞ ጣቢያ ተጠራ። መርማሪዋ ወጣት ናት፤ ጨዋም ናት። ፊቷ ያለው ቅጽ ሁለት ዓምድ አለው፤ «እውነተኛ» እና «ሐሰተኛ»።

«ይህኛው?» አለች አንዱን አንስታ።

«ማሽኑ እውነተኛ ነው። ቀፎው ፎርጅድ ነው። ጠቋሚዎቹን እኔ ነኝ ያስተካከልኳቸው።»

«ጌታዬ፣ ከሁለቱ አንዱን ይበሉኝ።»

«እኮ፣ አንዱ ብቻ አይሆንም። ይህ መስታወት ለምሳሌ ከኦሪጅናሉ አይተናነስም…»

«ፊቱ ላይ የተጻፈው ስም እውነት ነው?»

«አይደለም።»

«ሐሰተኛ» ብላ ጻፈች። ሠላሳ አንድ ጊዜ ተጠየቀ፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ «አይደለም» አለ። መጨረሻ ላይ ብዕሯን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያችን ጥቁሯን እንዲሸጥልዎ ሰጥተውታል ወይስ አልሰጡትም? ዋናው እሱ ነው። ካልሰጡት ይንገሩኝና ወደ እሱ እንሄዳለን። እስከ ሐሙስ ያስቡበት።»

ምን ይታሰባል? እውነቱ አንድ ቃል ነው። ያን ቃል አፉ ላይ ይዞ ቤቱ ሲደርስ እቴቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። የጉልበት ሕመም ያለባቸው ሴት ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥተው መጥተዋል፤ የሰው ሊፍት የሚጠግን ልጃቸው የገዛ ፎቁ ሊፍት የለውም።

«ልጄ» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። «ወንድምህ ከዚህ ቀደምም እንዲህ ያለ ነገር አለበት። አንተ አታውቅም። ሁለተኛ ከተያዘ እንደሚታሰር ነግረውታል።»

«እቴቴ፣ እኔ አልሸጥኩም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እሱ ነው የሸጠው።»

«አውቃለሁ አልኩህ! ልጆቹ ገና ናቸው። አንተ ስምህ ንጹሕ ነው፤ የመጀመሪያ ነው ብለው ይምሩሃል። በአንተ ማን ይጨክናል?»

«እኔስ፣ እቴቴ? እኔ የማን ልጅ ነኝ?»

እቴቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። «አንተም ልጄ ነህ። ስለዚህ እኮ ነው አንተን የምለምነው፤ ባዳ ብትሆን በምን አፌ?»

ሚስቱ ከኩሽና ሆና ሳህን ስታስቀምጥ ድምፁ ከወትሮው በረታ። እቴቴን ደረጃውን ደግፎ ያወረዳቸው ራሱ ነው። ሲመለስ ሚስቱ ጠበቀችው። «ብትናገር እግዜር አይጣላህም» አለችው። «እኔ ግን ዝም ካልክ እንጃ።»

ሐሙስ መርማሪዋ ጠየቀችው። «ሰዓቷን የሠራኋት እኔ ነኝ» አለ።

«እሱን አላልኩም። እንዲሸጥልዎ ሰጥተውታል?»

ዝም አለ። ግድግዳውን አየ፣ ጫማውን አየ። መርማሪዋ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ከዚያ «አልካደም» ብላ ጻፈች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሱ ዝምታ ግን በዚያው ቀን ነቀዘ።

የባለ መድኃኒት ቤቱ ገንዘብ ከደቂቅና ከሚስቱ ቁጠባ ወጥቶ ተመለሰለትና ክሱን ተወ። ደቂቅ በማስጠንቀቂያ ተለቀቀ። ዕቃው ግን በሙሉ እንዲወገድ ተወሰነ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ደርሷል። አለቃው አስጠራውና ወንበር እንኳ ሳይጋብዘው ጀመረ። «እኔ አንተን አውቅሃለሁ። ግን የስንት ሕንጻ ቁልፍ ነው ኪስህ ውስጥ ያለው? ደንበኞች እየደወሉ ነው። ለጊዜው መጋዘን ብትሆን ምን ይመስልሃል?»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለጊዜው።»

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከቀለበቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የመጨረሻው አልወጣ ብሎት ሲታገል አለቃው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የማስወገጃው ዕለት ባለንብረት መገኘትና መፈረም አለበት ተባለ። ቦታው ከመንግሥት መጋዘን ጀርባ ያለ ሜዳ ነው። ሽቶ፣ መነጽር፣ ጫማ በየረድፉ ተከምሯል፤ ከዳር የመንገድ መዳመጫ መኪና ቆሟል። የእሱ ዕቃ በአንዲት ሣጥን ነው።

«ወረንጦውና ካቻቢቴዎቹ ፎርጅድ አይደሉም» አለው ዝርዝር የያዘውን ሠራተኛ። «እነሱን ብትመልስልኝ?»

ሠራተኛው ወረቀቱን አገላበጠ። ክፉ ሰው አይደለም። «‹ልዩ ልዩ መሣሪያዎች› ተብሎ አብሮ ተመዝግቧል። ቢጎድል እኔን ነው የሚጠይቁኝ፤ ምን ላድርግ ወንድሜ?»

ሰዓቶቹን መሬት ላይ አሰጧቸው። መዳመጫው እያጓራ ሄደባቸው። ሲያልፍ ግን ማታ የዘነበበት አፈር ለስልሶ ኖሮ ሰዓቶቹ ሳይሰበሩ ጭቃው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሾፌሩ ተመለሰበት፤ ይብስ ጠለቁ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሳቀ። ሠራተኛው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲያስብ ቆየና «ከሥር ብረት እናንጥፍ» አለ። ግንቡ ጥግ አንድ ወፍራም የብረት ሉህ ተደግፏል። ሁለት ሰዎች ሞክረው አቃታቸው። ሠራተኛው ዙሪያውን ሲቃኝ ዓይኑ ደቂቅ ላይ አረፈ።

«ወንድሜ፣ አንተ ጠንካራ ትመስላለህ። እስቲ ብታግዘን?»

ደቂቅ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ብረቱን በአንድ ወገን ብቻውን አነሳ፤ ሁለቱ በሌላው ወገን ያዙ፤ አምጥተው አነጠፉት። ከዚያ ሰዓቶቹን ከጭቃው ቆፍሮ ማውጣት ነበረበትና፣ ሌላው ሰው በአካፋ ሊዝቅ ሲል «ቆይ፣ እኔ ላውጣቸው» አለ። በጣቶቹ አንድ በአንድ ለቀማቸው። መስታወታቸውን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ ብረቱ ላይ ደረደራቸው። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀው። ሲጨርስ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። ከዚያ ጠፍጣፋ ብረትና የመስታወት ዱቄት ሆኑ። ደቂቅ ፈርሞ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እቴቴ ለእሁድ ምሳ ጠሩዋቸው። ሚስቱ አልሄድም ብላ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ቀሚሷን ለበሰች። «ልስማ እስቲ፤ ወንድምህ አንድ ቃል ሲናገር ልስማው» አለች።

ደላላው በር ላይ አቅፎ ሳማቸው። ገበታው ሙሉ ነው። እቴቴ ምርጥ ምርጡን እያነሱ ደቂቅ ሳህን ላይ ይጨምራሉ። ደላላው ስለ አንድ አከራይና ስለ ሦስት ድመቶቿ አወራ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ደቂቅም ሳይወድ ሳቀ። ስለ ሰዓት ያነሳ የለም። ሚስቱ ሹካዋን ይዛ ጠበቀች። ፍራፍሬ መጣ፤ ሻይ መጣ። ደላላው ስልኩን አይቶ «ደንበኛ ነው፣ መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሚስቱ አለቀሰች። ድምፅ የሌለው ለቅሶ ነው፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ደቂቅ መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት።

«ነገ ጣቢያ ሄጄ ልንገራቸው?» አላት።

«አሁንማ ማን ይሰማሃል» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

አውቶቡሱ መጣ። ሙሉ ነበርና እስከ ቤታቸው ድረስ ቆመው ሄዱ።